«ሥዕል አልችልም» ለሚሉ የጤና ባለሙያዎች

ጠይቁን

ከልደታ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ከሚሠሩ አንባቢዎቻችን ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። ሥዕልና ሸክላ የሥራ ዝለትን ያቀልላሉ መባሉ እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ እንዴት ነው የሚሠራው? ሰባቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ድንገተኛ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ አስታማሚ ሲጮህብኝ ችዬ አስረዳ ነበር፤ አሁን ገና ከበር ሲገባ ይመረኛል። አዳር ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ፈዝዤ መውረጃዬን አልፋለሁ። ጓደኛዬ «አርት ቴራፒ ሞክሪ» አለችኝ። ቀለም መቀባት የልጆች ነገር አይደለም እንዴ? (ነርስ፣ ከልደታ)

መልስ፦ የልጆች ነገር አይደለም፤ ሲጀመርም ከአዋቂ ታማሚ አልጋ ነው የተነሣው። «አርት ቴራፒ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣለት በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ማገገሚያ ውስጥ ተኝቶ ሲስል ነው።

የነገሩን ሁኔታም ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን፣ እኛ የሥራ ዝለት የምንለውን፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። ሦስት መልክ አለው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራውና ከሰዎቹ በልብ መራቅ ወይም መመረር፣ እንዲሁም «የምሠራው ሁሉ ምንም አይፈይድም» የሚል ስሜት። አስታማሚው ገና ሳይናገር የሚመርዎት ሁለተኛው ነው። «ክፉ ሰው ሆንኩ» ብለው ራስዎን አይክሰሱ።

ነርስ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው በቃል ነው። ርክክብ፣ ሪፖርት፣ ማስረዳት፣ መከራከር። ማታ «እስቲ የሆነውን ንገሪኝ» ሲሏት ቃሉ አልቋል። ሥዕል የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ እጅና ዓይን ሥራ ሲይዙ በቃል ያልወጣው ነገር ወረቀት ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ራቅ ብለው ያዩታል። አሜሪካ በሚገኘው ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላና በተቀዳደደ ወረቀት አሠርቶ፣ ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ለክቷል። 75 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ቀንሷል፤ የሥዕል ልምድ መኖር አለመኖሩም ለውጥ አላመጣም። ልብ ይበሉ፤ የተለካው የዚያኑ ሰዓት ጭንቀት ነው እንጂ የሥራ ዝለት አይደለም፣ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ «ያድናል» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካጋጠመዎ ይጠራጠሩ።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። ምሬቱ ሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቤትም፣ ከወዳጅ ጋርም፣ በሚወዱት ነገርም ላይ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ወይም መሞትን ማሰብ ከመጣ፣ ጉዳዩ የቀለም አይደለም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ሌላ የሥነ አእምሮ ክፍል ይሂዱ። ብዙ የጤና ባለሙያ «የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል» ብሎ ይቀራል፤ ከሚሠሩበት ተቋም ውጭ ያለውን ይምረጡ፣ ግን አይቅሩ። ሐሳቡ ዛሬ ማታ ካየለ እስከ ነገ አይጠብቁ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሰው ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ አስተባባሪ ነኝ። ስምንት ፈቃደኛ ሠራተኞች አሉኝ፣ አንዲት ትንሽ የመሰብሰቢያ ክፍልም ተፈቅዳልናለች። ምን እንግዛ? እንዴት እንምራው? (ከቸርችል ጎዳና አካባቢ)

መልስ፦ ከግዢው በፊት ስለ በሩ። እንዲህ ያለ ቡድን የሚፈርሰው በቀለም እጥረት ሳይሆን በሩ ስለማይዘጋ ነው። ሰው ካርድ ፍለጋ ብቅ የሚልበት ክፍል ውስጥ ማንም የልቡን አይስልም። በሩ ይዘጋ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፣ መብራት ሲጠፋ መሥራት እንዲቻል ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ይጠጋ፣ ውኃ ሲቋረጥ እንዳትቸገሩ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላ።

ሁለተኛው ነገር እርስዎን አይጥምዎ ይሆናል። እርስዎ ቡድኑ ውስጥ አይቀመጡ። የተረኝነት ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው አጠገቧ ከተቀመጠ፣ ነርሷ የምትስለው አበባ ነው። አስተባባሪዎችና የክፍል ኃላፊዎች ዝለቱ እነሱንም ስለማይምር ለብቻቸው ቡድን ይሥሩ። የእርስዎ ትልቁ ሥራ ስምንቱ ሰዎች ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ለ75 ደቂቃ ነጻ እንዲሆኑ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። ይህ ካልተደረገ በሦስተኛው ሳምንት አራት ሰው ይቀራል፣ በአምስተኛው ቡድኑ የለም። የዚያን ቀን ተረኛ የሆነ ሰው አይግባ፤ የእሱ ስልክ ሲጠራ የሰባቱም ሐሳብ አብሮት ይወጣል። ከአዳር መውጫ ላይም አታድርጉት፤ አዳር የወጣ ሰው የሚያስፈልገው አልጋ ነው።

ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል፣ 10 ጣሪያው ነው። ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በታች ይወርዳል። ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው አይጨመርም።

ማን ይምራው? የሠለጠነ የአርት ቴራፒ ባለሙያ ከተገኘ እሰየው፤ በሆስፒታሎቻችን መዋቅር ውስጥ ግን የተለመደ ሙያ አይደለም። ካልተገኘ ቡድን መምራት የሚያውቅ ሳይኮሎጂስት፣ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ከአንድ ሠዓሊ ጋር ተጣምሮ ይሥራ። ስድስት ኪሎና አካባቢው የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቤት ስለሆነ ሠዓሊ አይጠፋም፤ ብቻውን ግን አይሁን። ሠዓሊው ፓስቴሉ (እንደ ጠመኔ የሚያዘው የቅባት ቀለም) ለምን እንደማይቀባ ያውቃል፣ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ማወቁ ግን ሌላ ሙያ ነው። ቴራፒስት ከሌለ ደግሞ ስሙን «የሥዕል ሰዓት» በሉት፤ «ሕክምና» ብላችሁ አትለጥፉ።

አሁን ግዢው። ለስምንት ሰው፣ ለስድስት ሳምንት፦ 80 ቅጠል ኤ3 ወረቀት፣ ውፍረቱ ከ120 ግራም የማያንስ። ለፕሪንተር የሚገዛው 80 ግራም ወረቀት ፓስቴል ሲጫኑት ይቀደዳል፣ ሰውየው ደግሞ ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። ባለ 24 ኦይል ፓስቴል አራት ፓኬት፣ ለሁለት ሰው አንድ፤ ጥቁሩና ነጩ ቀድመው ስለሚያልቁ በነጠላ የሚሸጥ ካገኛችሁ ጨምሩ። 4ቢ የሚባለው ለስላሳ እርሳስ ስምንት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ የሚይዝ የወረቀት ቴፕ ሁለት ጥቅል፣ ኮላ ሁለት ጠርሙስ፣ የድሮ መጽሔት አንድ ክምር። (የእኛንም ብትቀድዱ አንቀየምም።) መጽሔቶቹን አስቀድማችሁ አገላብጡና የአደጋና የሐዘን ፎቶ ያለበትን ገጽ አውጡ። ሁሉም አራት ኪሎና መርካቶ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ይገኛል። ከዋርድ የጓንት ካርቶን፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ሲሪንጅ አምጥታችሁ ለመለጣጠፍ እንዳታስቡ፤ ከኢንፌክሽን ቁጥጥሩ በላይ ሰዎቹ ለ75 ደቂቃ የሸሹትን ነገር ጠረጴዛ ላይ መልሳችሁ ማምጣታችሁ ነው።

የውኃ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አትግዙ። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ቁሳቁሶችን ከሚታዘዘው ወደማይታዘዘው ይደረድሯቸዋል፤ እርሳስ በአንድ ጫፍ፣ ውኃ ቀለም በሌላው። የሚፈስ ነገር ስሜትንም ይዞ ይፈስሳል። ቀኑን ሙሉ ነገሮች ከእጁ ሲያመልጡበት የዋለ ሰው ፊት የሚያመልጥ ቀለም ማስቀመጥ ቸርነት አይደለም።

የ75 ደቂቃው አከፋፈል ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ 10 ደቂቃ ጋዋን ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ስልክ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዱ ሰው ስለ ቀኑ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል። ቀጥሎ 5 ደቂቃ በማይጽፉበት እጅ መሞነጫጨር፤ በግራ እጅ የተሳለ ነገር እንደማያምር ሁሉም ስለሚያውቅ ፉክክሩ እዚያው ይሞታል። ከዚያ 30 ደቂቃ ዋናው ሥራ፣ በዝምታ፤ መሪው 5 ደቂቃ ሲቀር ያሳውቃል። 20 ደቂቃ መተያያ ነው። ሰው ስለ ራሱ ወረቀት ብቻ ይናገራል፣ «እለፉኝ» ማለትም ይችላል። ሌላው «ያምራል» አይልም፣ «አያምርም»ም አይልም፤ የሚፈቀደው «ስለዚህኛው መስመር ንገሪን» ነው። በመጨረሻ 10 ደቂቃ ሥዕሉ ወደየፎልደሩ ይገባል፣ ጠረጴዛው በጋራ ይጸዳል። ጽዳቱን ለጽዳት ሠራተኛ አትተዉት፤ ከዚያ ክፍል ወደ ዋርድ የሚመልሳቸው ድልድይ እሱ ነው።

የሳምንቶቹ ርእስ፦ አንደኛው መስመርና ሙንጨራ ብቻ፣ ሁለተኛው «ዛሬ የተሸከምኩት»፣ ሦስተኛው እንስራ (ከታች አለ)፣ አራተኛው ሸክላ፣ አምስተኛው ከቤት እስከ ዋርድ ያለው መንገድ በተቀደደ መጽሔት። በስድስተኛው አዲስ አይሠራም፤ አምስቱ ይደረደሩና ሰው የራሱን ያያል።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነኝ። ቡድን የለንም፣ ጊዜም የለኝም፣ ሥዕልም አልችልም። ብቻዬን የማደርገው ነገር አለ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አለ፤ 15 ደቂቃ፣ አንድ ኤ4 ወረቀትና እስክሪብቶ። ፓስቴል ካለ ሦስት ቀለም ብቻ ይምረጡ፣ ሃያ አራቱ ፊትዎ ሲደረደር መምረጡ ራሱ ያደክማል።

ስልክዎን 15 ደቂቃ ላይ ይሙሉትና በፊቱ ይድፉት። ወረቀቱን ሙሉ የሚይዝ እንስራ ይሳሉ፤ ከአንገቱ ጀምረው እጅዎን ሳያነሡ ዞረው ይመለሱ። ቢጣመም ይጣመም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመው ይሂዱበት፣ እንዲወፍር። ቀጥሎ ከተረኝነቱ የቀረብዎትን ነገር በምልክት ውስጡ ያስገቡ፦ ለእያንዳንዱ ያልተቋጨ ነገር አንድ ነጥብ፣ ለከበደው ጠንከር ያለ ጫና፣ ለሚያናድደው የተሰባበረ መስመር። እንስራው ውጭ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ፣ ወደ ቤት ይዘውት የሚሄዱትን አንድ ነገር ያድርጉ። በመጨረሻ አፉን ይወትፉት፤ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት አፉን በቅጠል እንደምትከድነው። ቀን ይጻፉበት፣ አጥፈው ሎከርዎ ውስጥ ይተዉት። ቤት አይውሰዱት።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው እንስራውን ትንሽ አድርጎ ጥግ ላይ መሳልና በጌጥ መጠመድ ነው፤ ያኔ ጊዜው በሐረግ ያልቃል። ይህ ከሆነ በሌላኛው እጅ ይሳሉት። ሁለተኛው የሚከብደው ነው፦ የሆነውን ትዕይንት እንዳለ መሳል። በእጅዎ ላይ ያለፈችን እናት ፊት፣ አልጋውን፣ ደሙን ብቻዎን ተቀምጠው አይሳሉ። ደግሞ ማየት እንጂ ማስቀመጥ አይሆንም። ምልክት የምንለው ለዚህ ነው፤ የታማሚን ምስጢርም ይጠብቃል። ሥዕሉ ያንን ምሽት እየደጋገመ ካመጣብዎት ያቁሙና ሰው ያናግሩ።

ጥያቄ፦ ቡድን እመራለሁ። አንዲት ነርስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጥቁር ብቻ ሣለች፣ ባለፈው ደግሞ አለቀሰች። ጥቁር ምን ማለት ነው? (ሳይኮሎጂስት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ምናልባት ያልተሰበረው ፓስቴል እሱ ብቻ ስለነበረ ይሆናል። የቀለም መዝገበ ቃላት የለም። ጥቁር ለአንዱ ሐዘን ነው፣ ለሌላው ነጭ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታይ ብቸኛ ቀለም ነው። «ጥቁር ስለተጠቀምሽ አዝነሻል» ያሏት ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ቢጫ ትስልልዎታለች፣ እርስዎን ደስ ለማሰኘት። ይልቅ «ይሄ ጥቁር እዚህ ጋ ሳሳ ብሏል፣ እዚህ ጋ ወፍሯል» ብለው ያዩትን ይናገሩና ዝም ይበሉ።

ለቅሶው ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ «አይዞሽ፣ በቃ፣ በቃ» ሲላት ነው። «አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው፤ ቶሎ ሲባል ግን ከዚያ በላይ እንዳታለቅሺ ማለት ይሆናል። በዝግታ «እዚህ መቆየት ነው የምትፈልጊው ወይስ ትንሽ መውጣት?» ብለው ይጠይቁ። ከወጣች ረዳቱ አብሯት ይውጣ፣ ብቻዋን ኮሪደር ላይ አትቁም። ትንፋሿ ከተቆራረጠ ሁለቱም እግሮቿ ወለሉን ይርገጡ፣ ቀዝቃዛ ሸክላ ወይም እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይሁን፣ ክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን አምስት ነገሮች ስም ትጥራ። ሲያልቅ 10 ደቂቃ ለብቻዋ ይስጧት፣ በማግስቱ ይደውሉላት። የት እንደሚልኳት አስቀድመው ያላወቁ ከሆነ ቡድኑን ቀድመው ጀምረዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከ30 ሰዓት በላይ ቆሜ ስወጣ «ና ሥዕል ሣል» ይሉኛል። ቀልድ አይደለም? (ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም)

መልስ፦ ነው። ይተኙ። በሐኪሞች የሥራ ዝለት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትንተና፣ ግለሰቡን ከማሠልጠን ይልቅ የተቋሙን አሠራር መቀየር፣ ማለትም የተረኝነት ሰዓትን፣ የሥራ ጫናን፣ ቡድኑ የሚሠራበትን መንገድ፣ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። የሁለቱም ውጤት ግን በአማካይ ትንሽ ነበር። ሥዕል የሰው እጥረትን እንዲሸፍን የሚፈልግ ኃላፊ ካለ ይህን ያንብቡለት።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በአልኮልና በጓንት ብዛት እጄ ተሰነጣጥቋል። ሸክላ ይጎዳኛል? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ እርጥብ ሸክላ ሲደርቅ የቆዳን ወዝ ስለሚመጥ ስንጥቁ ላይ ያቃጥላል፤ ደም የሚያወጣ ስንጥቅ ካለ ጨርሶ ይተዉት። ቀላል ከሆነ አስቀድመው ቫዝሊን ይቀቡና በስስ ጓንት ይሥሩ። ጓንት ሥራን ያስታውሰኛል ካሉ ፓስቴል ይሻልዎታል። የፓስቴል ቅባት በውኃ ብቻ አይለቅም፤ በትንሽ የምግብ ዘይት ወይም በቫዝሊን አሽተው በወረቀት ይጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። በእጅ ላይ ቆሻሻ እየታየ አልኮል መቀባት እንደማይበቃ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብንም፤ የጥፍሩን ሥር ግን ሰው ይረሳዋል።

ለሸክላ ጀማሪዎች፦ ቀጨኔ ካሉ ሸክላ ሠሪዎች የተቦካ አፈር ይጠይቁ። ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ለስምንት ሰው 4 ኪሎ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ማሰር ነው፤ ጨርቁ ከደረቀ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ከበዛ ደግሞ እጅ ላይ እየተጣበቀ ቅርጽ አይዝም። መተኮስ አያስፈልግም። የተሠራውን መልሶ ጨፍልቆ ወደ ላስቲኩ መክተት ራሱ ለብዙ ሰው ደስ ይላል፣ ማስገደድ ግን አይገባም።

ጥያቄ፦ ማኔጅመንቱ «ውጤቱን በቁጥር አሳዩን፣ ሥዕሎቹንም ለቴሌግራም ገጻችን ፎቶ አንሡልን» ይላል። (የቡድን መሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ቁጥሩ ይቻላል። የሥራ ዝለትን ከሚለኩት በብዛት የሚታወቀው የማስላክ መጠይቅ 22 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ለመጠቀም ክፍያ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኮፐንሃገን መጠይቅ ግን በነጻ ነው፦ 19 ጥያቄዎች፣ 6 ስለ ራስ፣ 7 ስለ ሥራ፣ 6 ስለሚያገለግሏቸው ሰዎች። ለእያንዳንዱ መልስ 0፣ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 ይሰጥና ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ በአማካይ ይሰላሉ። ከሥራው ክፍል አንዱ፣ ለቤተሰብና ለወዳጅ የሚተርፍ ጉልበት መኖሩን የሚጠይቀው፣ ተገልብጦ ነው የሚቆጠረው፤ ይህን የዘለለ ሰው ደህና የሆነውን ዝሎ ያገኘዋል። ከመጀመሪያው ሳምንት በፊትና ከስድስተኛው በኋላ ያስሞሉ። ስም አይጻፍ፤ ሁሉም ራሱ ያወጣውን ኮድ ይጠቀም። የስምንት ሰው ቁጥር ለሪፖርት መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በዚያ መሐል የተረኝነት ፕሮግራም ከተቀየረ ወይም ፈቃድ የወጣ ሰው ካለ ያንንም ይጻፉ።

ፎቶውን ግን እምቢ ይበሉ። ሥዕሎቹ እንደ ታማሚ ካርድ ናቸው፤ የሣላቸው ሰው ንብረት ናቸው፣ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፣ ሲያልቅ ይዟቸው ይሄዳል ወይም ይቀድዳቸዋል። አንድ ጊዜ «ለኤግዚቢሽን ነው» ከተባለ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ሰው የሚያምር መልክዓ ምድር ይስላል። ለገጹ የግድ ምስል ካስፈለገ ሁሉም ከወጡ በኋላ የተበላሸውን ጠረጴዛና የተሰባበሩትን ፓስቴሎች አንሥተው ይላኩላቸው።